ቁጠባው ከማን ላይ ነው?



የግንባታ ሙያ ተመራቂዎች፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ብዙዎቻችሁ ሳይት ላይ ትሆናላችሁ። እዚያ ጠዋት ማታ የምትሰሙት ቃል «ቆጥቡ» የሚል ነው፤ ትእዛዙም ትክክል ነው። ሲሚንቶ ጠፍቶ ሰው ወረፋ የጠበቀበትን ጊዜ አንረሳውም። ቤት የሚያሠራው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሀብታም አይደለም። እቁብ ጥሎ፣ ዐረብ አገር ያለች ልጁ የላከችለትን አጠራቅሞ ነው መሠረት ያስቆፈረው። የዚህን ሰው ብር ማባከን ነውር ነው። ይሁን እንጂ በቁጠባ ስም ስስት ሲሠራ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ዛሬ የመጣሁትም ስለ እሱ ልነግራችሁ ነው።

ፌሮን እንውሰድ። ፌሮ የሚመጣው በ12 ሜትር ርዝመት ነው። 5 ሜትር የሚፈልግ ሰው ከአንዱ ሁለት ቆርጦ ሲያወጣ 2 ሜትር ይተርፈዋል። ግዴለሹ ትርፉን ጥግ ላይ ይወረውረዋል፤ በመጨረሻም ቁራሌው ይወስደዋል። ቆጣቢው ግን መቁረጫውን ከማንሳቱ በፊት ፕላኑን ዘርግቶ ይቀመጣል። የትኛው ቁራጭ የት እንደሚገባ፣ ከየትኛው ትርፍ ምን እንደሚወጣ በወረቀት ላይ ይደለድላል። ባለቤቱ ብዙ ብር ተረፈለት፤ ከቤቱ ጥንካሬም ምንም አልጎደለም። የወጣው ወጪ የሠራተኛው የግማሽ ቀን ሐሳብ ነው።

ስስታሙ ያንን ግማሽ ቀን መቀመጥ አይፈልግም። ስታፋውን ያራርቀዋል። ፕላኑ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ እሰር ያለውን በየ25ቱ ያስርና አርማታ ይሞላበታል፤ ከዚያ በኋላ ማን ያየዋል? ኮለን ሲወዛወዝ የቆሙትን ፌሮዎች አቅፎ የሚይዘው፣ መሀል ያለው አርማታም ፈንድቶ እንዳይወጣ የሚያግደው ግን ያ ቀጭን ስታፋ ነው። እኛ የምንኖረው ስምጥ ሸለቆ በሚያልፍበት አገር ነው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድሩ ደጋግሞ ሲናወጥ፣ በሬክተር ስኬል ከ5 በላይ የተለካም ነበረበት፤ ንዝረቱ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የተኛውን ሰው ሳይቀር ቀስቅሷል። ነገ ምድር ስትነቃነቅ የተራራቀውን ስታፋ ዕዳ የሚከፍለው ያዘዛችሁ ሰው አይሆንም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ልጆቹን ያስተኛው ቤተሰብ ነው።

የውሃው ነገር ደግሞ ከሁሉም ያሳዝነኛል። አርማታ ሲቦካ ለመግፋትና ለመሙላት እንዲቀል «ውሃ ጨምርበት!» ይባላል። የተጨመረው ውሃ አርማታውን ያደክመዋል፤ ሲደርቅ በውስጡ ባዶ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳልና። ሶሌታው ከተሞላ በኋላ ግን፣ ውሃ በእርግጥ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ቢያንስ ለ7 ቀን ርጥብ ሆኖ መቆየት ሲገባው የሚያጠጣው ይጠፋል። ቧንቧው በፈረቃ ነው፣ ቦቴው ውድ ነው ይባላል፤ እውነትም ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚያስብ ሰው ኮለኑን በረጠበ ጆንያ ይጠቀልላል፣ በላዩ ላስቲክ ያለብሳል፤ በሶሌታው ላይ አነስተኛ እርከን ሠርቶ ውሃውን ያቁራል። በጥቂት በርሜል አርማታው ጥንካሬውን ያገኛል። ለዚህ ገንዘብ ብዙም አይጠይቅም፤ ጠዋትና ማታ ወጥቶ የሚያይ ሰው ይጠይቃል።

እንግዲህ ሳይት ላይ «ቆጠብን» ሲባል ስትሰሙ፣ ከማን ላይ ነው የተቆጠበው ብላችሁ ጠይቁ። ባሬላ የምትሸከመውን እናት አስቧት። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል፣ ይልጣል። ጓንት ባለመግዛት የተረፈው ብር ከእጇ ላይ ተልጦ የተወሰደ ነው፤ ማታ ለልጆቿ ሊጥ የምታቦካው በዚያው እጅ ነው። ይህንን ቁጠባ ብሎ የሚጠራ ሰው አለቃችሁ ቢሆን እንኳ አትስሙት።

በግል ኑሯችሁ እንደ ወደዳችሁ ጠበቅ በሉ። ምሳ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፣ የተቀደደ ጫማ አሰፉ፣ ከመጀመሪያው ደመወዛችሁ ጀምራችሁ እቁብ ግቡ። የእድር መዋጮ ሲደርስ፣ የታመመ ጓደኛ ሲጠየቅ ግን ቀድማችሁ ተገኙ። ወላጆቻችሁ ለራሳቸው ሳይገዙ ለእናንተ ደብተር የገዙት እንዲህ እየኖሩ ነው።

ሥራ የጀመረ ወጣት አለቃውን እምቢ ማለት እንደሚከብደው አውቃለሁ፤ የቀን ገቢው ሊቋረጥበት ይችላል። ስለዚህ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። «ጋሼ፣ ፕላኑ 15 ነው የሚለው፤ ስታፋውን አናራርቀው። ይልቅ የፌሮ አቆራረጡን ደልድዬዋለሁ፣ ይኸው ይዩት፤ ብዙ ትርፍ እናድናለን» በሉት። ወረቀቱን ማታ ቤት ሠርታችሁ እደሩ። አንዳንዱ አለቃ ይቆጣል፤ ብዙው ግን ብር የሚያድንለትን ወረቀት ተቀብሎ ያነባል። ሒሳቡንም ፕላን ማንበቡንም እዚህ ኮሌጅ ተምራችሁታል።