ቡአ የሚደበቅ ሕመም አይደለም

  

ውድ አድማጮቻችን፣ ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በብዙ ቤት ያለ፣ በብዙ ቤት ግን የማይነገር ነው። ስሙ ቡአ ይባላል። ሐዋሳ መናኸሪያ ጆንያ የሚሸከመው ወንድማችን ብሽሽቱ ላይ ይዞት ይኖራል። ደጋግማ የወለደች እናት እምብርቷ ላይ ታየዋለች፤ በነጠላዋ ሸፍናው ትውላለች።

የሆድ ግድግዳ አንድ ቦታ ላይ ሲሳሳ አንጀት ወይም ሞራ በዚያ በኩል ይገፋል። ስንቆምና ስናስል እብጠቱ ይወጣል፣ ስንተኛ ይመለሳል። ሰውን የሚያዘናጋው ይህ መመለሱ ነው። አንድ ቀን ግን የወጣው አንጀት ታንቆ ይቀራል፤ ደም አይደርሰውም፤ በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። እብጠቱ ከጠነከረ፣ አልመለስ ካለ፣ ሕመሙ ከበረታ፣ ማስመለስ ከመጣ፣ አየርም ሰገራም አልወጣ ካለ ነገን መጠበቅ የለም። በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ነው።

ሳይታነቅ የመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል፤ ብዙ ጊዜ ቦታውን ብቻ በማደንዘዝ ይሠራል። ታንቆ ለመጣው ግን ሆድ ሊከፈትና የሞተ አንጀት ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል፤ የቁስሉ የማመርቀዝ ዕድልም ይጨምራል። ልዩነቱን ያመጣው ሕመሙ ሳይሆን የቆየንበት ጊዜ ነው።

«ዐውራዬን ለሰው እንዴት አሳያለሁ?» የሚሉን አሉ። ሐያእ ከኢማን ነው፤ ይህን አንክድም። ዑለማዎቻችን ግን ለሕክምና ሲሆን በሚያስፈልገው ልክ መግለጥን ፈቅደዋል። እህታችን ሴት ሐኪም ትጠይቅ፤ ካልተገኘች ግን ሕይወቷ አይጠበቅ።

ሌሎች ደግሞ በብረት ያስተኩሳሉ። የኮርዶባው አቡል-ቃሲም አል-ዘህራዊ ከሺህ ዓመት በፊት ቡአን ስለመተኮስ ጽፏል ብለው የሚሞግቱንም አሉ። እውነት ነው፣ ጽፏል። እርሱ የተጠቀመው ግን በዘመኑ በነበረው ዕውቀት ነው፤ ዛሬ ቀዳዳው ይሰፋል ወይም በመረብ ይደገፋል። እንዲያውም በምሥራቅ ኡጋንዳ 302 ወንዶች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ ከአጎበር ዓይነት ጨርቅ የተሠራና በሚገባ ከጀርም የጸዳ ርካሽ መረብ ከውዱ እምብዛም እንደማያንስ አሳይቷል። በዓመቱ ቡአው የተመለሰበት ከርካሹ ወገን አንድ ሰው ብቻ ነበር። (የቤታችሁን አጎበር አትቅደዱ፤ ይህ የሐኪም ሥራ ነው!)

ቤተሰብ ሊያግዝበት የሚችለው ትልቁ ነገር ቁስሉ እንዳያመረቅዝ መጠበቅ ነው። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ከባድ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 105 ታካሚዎች የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ ከ100 ወደ 19 በሚጠጉት ላይ የቀዶ ሕክምናው ቦታ ማመርቀዙን አግኝቷል። ሐኪሞቹ የራሳቸው ድርሻ አለባቸው። የእኛ ድርሻስ? ከቀዶ ሕክምናው በፊት ገላን በሳሙና መታጠብ። የስኳር ሕመም ካለ አለመደበቅ። የብሽሽት ፀጉርን «ልጽዳ» ብሎ በዋዜማው በምላጭ አለመላጨት። ፀጉር ማንሳት ሱና ነው፤ ነገር ግን ምላጭ ለዓይን የማይታይ ጭረት ትቶ ለጀርም በር ይከፍታል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ለቀዶ ሕክምና ሲባል መላጨትን ከልክሏል። ካስፈለገ ሆስፒታሉ በመቁረጫ ያሳጥረዋል።

ከዚያ በኋላ ቁስሉ ላይ ቅቤም ቅጠልም አይደረግ። ዚያራ ሱና ነው፤ የታማሚው አልጋ ላይ ተደርድሮ መቀመጥ ግን ሱና አይደለም። እጃችሁን ታጥባችሁ ግቡ፣ ዱዓ አድርጉለት፣ ቶሎ ውጡ።

አንድ ነገር እንጨምር። በሰገራ ደም ሲያዩ «ኪንታሮት ነው» ብለው በዝምታ ዓመታት የሚያሳልፉ አሉ። ብዙ ጊዜ ኪንታሮት ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ግን የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው፤ ያን ደግሞ ተመርምሮ እንጂ ገምቶ መለየት አይቻልም። የሰገራ ልማድ ከተለወጠ፣ ያለ ምክንያት ክብደት ከቀነሰ ሐኪም ይየው።

በመጨረሻም ብዙዎቻችሁ ስለ ሰላት ትጠይቃላችሁ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሩኩዕና ሱጁድ የሚያምመው ሰው ተቀምጦ ይስገድ፤ ካልቻለም በምልክት ይበቃዋል። ሸክም ግን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ አይንካ፤ ጆንያውን ለጥቂት ሳምንታት ወንድሞቹ ይሸከሙለት።