እስከ 99ኛው ደረጃ

አንደኛ አቅራቢ፦ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የተጀመረው ሩንስኬፕ የተሰኘው የበይነ መረብ ጨዋታ፣ ተጫዋቹን መጥረቢያ አስይዞ፣ አንዱን ዛፍ ሲጥል ወደ ሌላው እየመራ፣ 99ኛው ደረጃ ላይ እስኪደርስ 13,034,431 ነጥብ እንዲያከማች ያዝዘዋል፤ ይህ፣ ወንድሜ፣ ጨዋታ ነው ወይስ የንስሐ አባት ያልሰጡት ቀኖና?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ቀኖና ቢሉት አልቃወምም፤ 92ኛው ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው እንኳ የመንገዱን እኩሌታ ብቻ ነውና የፈጸመው። የው የተባለውን ዛፍ ብቻ ልቍረጥ ያለ፣ አንዱ ግንድ 175 ነጥብ ስለሚያስገኝ፣ ከ60ኛው ደረጃ ተነሥቶ ከ72,000 በላይ ግንድ ያስፈልገዋል። ሆኖም እጅ ሲሠራ ልቡና ዐርፎ ከባልንጀራ ጋር ማውጋቱን የሚወዱ ብዙዎች ናቸው።

አንደኛ አቅራቢ፦ ወጉስ ይሁን! እኔን የሚያስቆጣኝ፣ ደራሲ የደከመባቸው፣ ቀልድና እንቆቅልሽ የመላባቸው ተልእኮዎች በዚያው ዓለም ሳሉ፣ ከእነርሱ ብዙዎቹ ደጃቸውን የሚከፍቱት ከዚያ አሰልቺ ድካም የተወሰነውን አስቀድሞ ለፈጸመ ብቻ መሆኑ ነው።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ በዚህስ እስማማለሁ፤ ብቻ ወርኃዊ ክፍያ የሚቀበል ኩባንያ መንገዱ ቢረዝም እንደማይከፋው አይዘንጉ።