ቢርካ፣ ግጦሽና ሴፍቲኔት በሀርሺን
ከጅጅጋ በስተ ምሥራቅ፣ ከሶማሌላንድ ጋር የሚዋሰነው የሀርሺን ወረዳ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለውም። በበጋ ሰውም ግመልም የሚጠጡት በቢርካ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ነው፤ ቢርካ መሬት ተቆፍሮ ግድግዳው በሲሚንቶ የሚለሰን ጉድጓድ ነው። ዝናቡ ሲቀር ቢርካው ይደርቃል፣ ውሃ በቦቴ ይገዛል፣ የከሳ ከብትም በርካሽ ይሸጣል።

ታዲያ የመንግሥት ድጋፍ በምን መንገድ ይመጣል?

ዋነኛው በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው፤ ወደ አርብቶ አደር አካባቢዎች የዘለቀው ቆይቶ ነው። መሥራት የሚችሉ ተጠቃሚዎች ኩሬ ይጠርጋሉ፣ እርከን ይሠራሉ፣ የተጎዳ ግጦሽ ይከልላሉ፤ በምላሹ ጥሬ ገንዘብ ወይም እህል ያገኛሉ። አረጋውያንና አቅመ ደካሞች ያለ ሥራ ይደገፋሉ።

በ2010 ዓ.ም. የሶማሌ ክልል መንግሥትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ሌላ ዘዴ ጀመሩ፦ በሳተላይት የሚሠራ የአርብቶ አደር መድን። ሳተላይቱ የግጦሹን ልምላሜ ይለካል፤ ልምላሜው ከተወሰነ መጠን ሲያንስ ክፍያ ይለቀቃል። ከብቱ እስኪሞት አይጠበቅም፤ ገንዘቡ መኖ፣ ውሃና መድኃኒት እንዲገዛበት ታስቦ ነው። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ባንክ ለቆላማ አካባቢዎች የኑሮ ማሻሻያ ፕሮጀክት 350 ሚሊዮን ዶላር አጸደቀ።

ሀርሺን ላይ ግን የተለየ ጣጣ አለ። ነዋሪዎች የጋራ ግጦሹን በግል እያጠሩ ሣር መሸጥና ከሰል ማክሰል ከጀመሩ ቆይተዋል። ስለዚህ በሕዝብ ገንዘብ የሚያገግም መሬት ከመከለሉ በፊት፣ በድርቅ ጊዜ የማን ከብት እንደሚገባበት የጎሳ ሽማግሌዎችና የወረዳው አስተዳደር መስማማት ይኖርባቸዋል።