የቆጡን ለማውረድ የብብታችንን አንጣል

ለሰበካ ጉባኤያት የልማት ኮሚቴ አባላት በተዘጋጀ የምክክር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የዛሬው ርእሳችን ለዚህ ጉባኤ ያነሰ ሊመስል ይችላል፤ ስለ ጓሮ ዶሮ ነውና። ይሁን እንጂ በየአጥቢያችን የሚገኙ ብዙ እናቶች ለልጃቸው ደብተር፣ ለጨውና ለሳሙና፣ ለሰንበቴና ለዝክር የሚሆነውን ገንዘብ የሚያገኙት ከእንቁላልና ከዶሮ ሽያጭ ነው። ጌታችንም ስለ ኢየሩሳሌም ባዘነ ጊዜ ርኅራኄውን የመሰለው ጫጩቶቿን ከክንፏ በታች በምትሰበስብ ዶሮ ነው። እርሱ ያልናቃትን እኛ ልንንቃት አይገባም።

ንግግራችንን ከራሳችን ጥፋት እንጀምራለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር አጥቢያ ለሚኖሩ፣ ባል ለሞተባቸው እናቶች 5፣ 5 የተሻሻለ ዝርያ ያላቸው ቄብ ዶሮዎች አከፋፈልን። ጸሎት ተደረገ፤ ፎቶግራፍ ተነሣን፤ ሪፖርትም ጻፍን። ሆኖም የክትባታቸው ድጋሚ መቼ እንደሚሆን አልጠየቅንም፤ የማታ ማደሪያ መሠራቱንም አላየንም። የሰኔ ዝናም እንደ ጀመረ ፈንግል ገባ። እኛ ያመጣናቸው ዶሮዎች አለቁ፤ እናቶች ቀድሞ የነበሯቸው የሐበሻ ዶሮዎችም አብረው አለቁ። ለክትትል በተመለስን ጊዜ አንዲት እናት ባዶውን ቆጥ አሳዩንና፣ «ልጆቼ፣ የሰጣችሁኝስ ይሂድ፤ የነበሩኝን ማን ይመልስልኛል?» አሉን።

የምንመልሰው አልነበረንም። አባቶቻችን «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚሉት በእኛ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ በያዝነው ሥራ ሁሉ አንድ ነገር ስናስቀድም ቆይተናል፤ ይኸውም ዶሮ ከመጨመራችን በፊት ያሉትን ማትረፍ ነው። ዛሬም ከየአጥቢያው ደጋግመው ለሚደርሱን ጥያቄዎች መልስ የምንሰጠው በዚሁ መሠረት ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ «ዶሮዎቻችን በአንድ ሰሞን ተጠራርገው የሚያልቁት ለምንድን ነው?» የሚል ነው።

ብዙ ዶሮዎች ድንገት ሲሞቱ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ፈንግል ነው። የታመመችው ዶሮ ክንፏን ጥላ ትኮራመታለች፤ አፏን ከፍታ በጭንቅ ትተነፍሳለች፤ አረንጓዴ ተቅማጥ ይይዛታል፤ አንዳንዷም አንገቷ ይጠመዘዛል። ማታ ደኅና ገብታ ጠዋት ሞታ የምትገኝም አለች። ይህን የሚመስሉ ሌሎች በሽታዎች ስላሉ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጥራት ይገባል። ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ አንድ ጊዜ ከገባ የሚፈውሰው መድኃኒት የለም። ለሰው የተሠራ የቴትራሳይክሊን እንክብል ፈትቶ በውኃ መስጠት፣ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ማጠጣት፣ አረቄ መጋት ገንዘብና ጊዜ ያባክናል እንጂ ፈንግልን አያድንም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ መከላከያው ክትባት ነው።

ክትባቱ በአገራችን፣ ቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ይመረታል። ከዓይነቶቹ አንዱ ሙቀትን በተሻለ ሁኔታ የሚቋቋምና በዐይን አንድ ጠብታ የሚሰጥ ስለሆነ ለገጠር አጥቢያ ይስማማል። ሆኖም ይህም ቢሆን ፀሐይ ሊመታው አይገባም፤ በቀዝቃዛ ቦታ ሊጠበቅ፣ ከተበጠበጠም በኋላ በዚያው ቀን ሊያልቅ ይገባዋል። የሚሰጠው ለጤነኛ ዶሮ ነው፤ የመከላከል ኃይል እስኪገነባም 2 ሳምንት ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ በሽታው ጎረቤት ከደረሰ በኋላ መሯሯጥ ብዙ አይጠቅምም።

ክትባቱ በየ3 እስከ 4 ወሩ ይደገማል። ብዙዎች የሚዘነጉት ይህንን ነው። እኛ ግን ቀን የማንረሳባቸው በዓላት አሉን። የዘመን መለወጫ፣ የጥምቀትና የግንቦት ልደታ ሳምንታት በመካከላቸው ያለው ጊዜ ከ4 ወር ብዙም አይርቅም፤ የልደታውም ክትባት ከሰኔ ዝናም አስቀድሞ ይደርሳል። ካህኑ በዓሉን ሲያውጅ ክትባቱንም ቢያሳስብ ሌላ ማስታወሻ አያስፈልግም።

አንድ ችግር ይቀራል። በአንድ ጠርሙስ ያለው ክትባት ለብዙ ዶሮዎች የተዘጋጀ ነው፤ 5 ዶሮ ያላት እናት ብቻዋን ገዝታ ልትጠቀምበት አትችልም። የሰበካ ጉባኤ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የየቤቱ ዶሮ ይመዝገብ፤ ጥቂት መዋጮ ይሰብሰብ፤ ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ጥቂቶቹ በባለሙያ ይሠልጥኑ። ዶሮዎቹን ግን ወደ አንድ ቦታ አናሰባስብ፤ መሰባሰቡ ራሱ በሽታ ያዛምታልና። ከታቢዎቹ ዶሮዎች ከማደሪያቸው ሳይወጡ በማለዳ ከቤት ወደ ቤት ይሂዱ።

ከዚህ ጋር አያይዘን ካህናት አባቶቻችንን የምንለምነው ነገር አለ። በሽታ ሲገባ ብዙ ሰው ዶሮው ሳትሞት ለመሸጥ ወደ ገበያ ይሮጣል። የገዛውም ሰው ሞትን ገዝቶ ወደ ቤቱ ይገባል፤ መንደር ከመንደር የሚዳረሰውም በዚህ መንገድ ነው። ይህ የባልንጀራን ንብረት ማጥፋት መሆኑን ከዐውደ ምሕረት ብታስተምሩልን የእናንተ ቃል ከእኛ ሥልጠና ይልቅ ይሰማል። የሞተችው ዶሮ በጥልቅ ትቀበር፤ ለውሻም አትጣል። ከገበያ የተገዛች አዲስ ዶሮም ከነባሮቹ ተለይታ 2 ሳምንት ትቆይ።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ «12 ጫጩት ተፈልፍሎ 3 ብቻ የሚያድገው ስለ ምን ነው?» የሚል ነው።

ጫጩት በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት ብርድ፣ ዝናም፣ ረኀብ፣ ጭልፊት፣ ድመትና ሽለምጥማጥ ይፈራረቁባታል። እናቲቱ ገና በማግሥቱ ጫጩቶቿን አስከትላ ሜዳ ለሜዳ ስትዞር የደከመው ወደ ኋላ ይቀራል፤ የቀረውንም ጭልፊት ያነሣዋል። ስለዚህ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት እናቲቱንና ጫጩቶቹን ከቀርከሃ ወይም ከጭራሮ በተሠራ፣ ከላይ በተከደነ ጉረኖ ውስጥ ማቆየት ይገባል። ደረቅ ጭድ ይነጠፍላቸው፤ ንጹሕ ውኃ ጫጩት በማይሰጥምበት ዝርግ ዕቃ ይቅረብላቸው፤ የተፈጨ እህል በቀን ጥቂት ጥቂት ጊዜ ይሰጣቸው። ወጪው ጥቂት እፍኝ እህልና የአንድ ቀን ጉልበት ነው።

የሚታቀፉትን እንቁላሎች መምረጥም ከዚሁ ይቆጠራል። እንቁላሉ ከተጣለ ከ10 ቀን ያልበለጠው፣ ያልተሰነጠቀ፣ መካከለኛ መጠን ያለው ይሁን፤ እስኪታቀፍም ሹል ጫፉ ወደ ታች ሆኖ በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። ለአንዲት የሐበሻ ዶሮ ከ10 እስከ 12 እንቁላል ይበቃታል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ከክንፏ የሚወጣው ይበርደዋል። በ7ኛው ቀን በጨለማ ክፍል በባትሪ ብርሃን ሲታይ የደም ሥር ያልታየበት እንቁላል ዘር የለውምና ይውጣ። በ21ኛው ቀን ጫጩቶቹ ይፈለፈላሉ።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ «ዶሮ ጭራ ታድራለች፤ መኖና ቤት ለምን ያስፈልጋታል?» የሚል ነው።

ጭራ የምታገኘው እንደ ወቅቱ ነው። በአውድማ ወራት ጥሬው ይተርፋታል፤ በክረምት ግን ከምስጥና ከትል፣ ከለምለም ሣርም በቀር ብዙ አታገኝም። ማታ ስትገባ ጥቂት ስንዴ ወይም በቆሎ ከፉርሽካና ከኑግ ፋጉሎ ጋር ብትቀምስ እንቁላሏ ይጨምራል፤ ወደ ማደሪያዋ መመለስንም ትለምዳለች። የእንቁላል ቅርፊት ታጥቦ፣ ተቆልቶና ተፈጭቶ ቢሰጣት ቅርፊቱን ያጠነክርላታል፤ ሳይፈጭ ከተሰጣት ግን የራሷን እንቁላል መብላት ትለምዳለች። የሻገተ እህል መርዝ አለውና «ለዶሮ ነው» ተብሎ አይሰጥ።

ማደሪያዋ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ነፋስ የሚያገኘው፣ ዝናም የማያስገባና መዝጊያ ያለው ይሁን። በውስጡ ቆጥና ጨለም ያለ የመጣያ ሥፍራ ይዘጋጅ። ኩሱ ቶሎ ቶሎ ይጠረግ፤ ለጓሮ ጎመን ማዳበሪያ ይሆናል። በጥግ በኩል ደረቅ ዐመድና ዐፈር ቢደረግላት እየተንከባለለችበት ቅንቅኗን ታራግፋለች።

አራተኛው ጥያቄ፣ «የትኛው ዝርያ ይሻላል?» የሚል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም አስቀድሞ የሚጠየቀው ይህ ነው። እኛ ወደ ኋላ ያመጣነው በምክንያት ነው።

የሐበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 የሚሆን እንቁላል ነው። ነገር ግን ታቅፋ ትፈለፍላለች፤ ጭልፊት ታውቃለች፤ እንቁላሏም ሥጋዋም በገበያ ይወደዳል። ቦቫንስ ብራውን እጅግ ብዙ ትጥላለች፤ ሆኖም የተመጣጠነ መኖ ትሻለች፤ መታቀፍም የላትም። እንቁላሏ በሌላ ዶሮ ታቅፎ ቢፈለፈልም ጫጩቶቹ እንደ እናታቸው ጥለው አይገኙም። ኮይኮይክና ሳሶ በጓሮ ኑሮ ከእርሷ የተሻሉ ቢሆኑም ያለ ክትባትና ያለ ተጨማሪ መኖ አይጸኑም። ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው፦ ክትባቱን በዓመት 3 ጊዜ ያላስተጓጎለ፣ ማደሪያ የሠራና የጫጩቱን ሞት የቀነሰ ቤት የተሻሻለ ዝርያ ይጨምር፤ ያላደረገ ግን አይቸኩል። የሐበሻ ዶሮ ላለው ሁሉ ደግሞ አንድ ነገር እናሳስባለን። በየበዓሉ ትልቁን አውራ ዶሮ ሸጠን ቀጫጫውን ለዘር ስናስቀር መንጋው ከዓመት ዓመት ያንሳል። ለ10 ሴት ዶሮዎች አንድ አውራ ይበቃልና ከሁሉ የሚበልጠው ለዘር ይቆይ።

አምስተኛው ጥያቄ የእኛ ምእመናን ጥያቄ ነው፤ «በጾም ወራት ገበያው ሲጠፋ ምን እናድርግ?» የሚል።

በዐቢይ ጾም 55 ቀናትና በጾመ ነቢያት የእንቁላልና የዶሮ ዋጋ ይወርዳል፤ በትንሣኤ፣ በልደትና በዘመን መለወጫ ደግሞ ይወደዳል። ይህን አስቀድመን ስለምናውቅ ልንዘጋጅበት እንችላለን። ዐቢይ ጾም ሲገባ ገበያ ያጣው እንቁላል ይታቀፍ። መጋቢት ላይ የተፈለፈሉት አውራ ዶሮዎች 6 ወር ሲሆናቸው እንቁጣጣሽና መስቀል ይደርሳሉ። ክረምቱ ወጥቶ በመስቀል ሰሞን የታቀፈው ደግሞ ጥቅምት ላይ ይፈለፈላል፤ ጫጩቶቹ የአውድማ ጥሬ እየለቀሙ አድገው ለፋሲካ ገበያ ይደርሳሉ። በሐምሌና በነሐሴ ግን ብርዱና ዝናሙ ጫጩት ስለሚፈጅ ባይታቀፍ ይመረጣል።

ሌላም አለ። ከ7 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ጾም እንደማይገደዱ አባቶቻችን ያስተምራሉ። ይሁንና በጾም ወራት የቤቱ ማድ ሲለወጥ የሕፃኑም እንቁላል አብሮ ይቀራል። ስድስት ወር የሞላው ሕፃን ከእናቱ ጡት ጋር እንቁላል ቢያገኝ ለዕድገቱ እጅግ ይጠቅመዋል። ካህናት የንስሐ አባት እንደ መሆናችሁ፣ ይህን ለእናቶች በግልጽ ብትነግሩልን ገበያ ያጣው እንቁላል ለሕፃኑ ይተርፋል።

እንግዲህ ከዚህ ጉባኤ ስንለያይ እያንዳንዱ ኮሚቴ ሦስት ነገር ይዞ እንዲሄድ እንለምናለን። አንደኛ፣ በአጥቢያው ስንት ዶሮ በስንት ቤት እንዳለ መመዝገብ፤ ሁለተኛ፣ የቀበሌውን ባለሙያ አግኝቶ ቀጣዩን የክትባት በዓል መወሰን፤ ሦስተኛ፣ በአንድ ቤት ለናሙና የጫጩት ጉረኖ ሠርቶ ሌላው እንዲያይ ማድረግ። ዶሮ ማከፋፈል ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ባዶ ቆጥ ያሳዩን እናት ዘንድ በዓመቱ ተመልሰን ሄድን። በዚያን ጊዜ የያዝነው ዶሮ አልነበረም፤ ክትባትና ከታቢ ብቻ ነበር። እሳቸው ጫጩቱን ሊካፈሉ ተስማምተው ከጎረቤታቸው አንዲት ዶሮ ተቀብለው ኖሯል። ከታቢው ወደ ግቢያቸው ሲገባ አስቆሙትና፣ «አስቀድመህ እዚያ ማዶ ግባ፤ የእሷ ከታመሙ የእኔዋም አትተርፍም» አሉት። እኛ በብዙ ገጽ ሪፖርት ልንጽፈው የደከምንበትን እሳቸው በአንድ ቃል ጨረሱት። በጓሮ እንደ ልቧ የምትውል ዶሮ አጥር አታውቅም፤ የአንዱ ቤት ጥንቃቄ የሚጸናው ጎረቤቱ ሲጠነቀቅ ነው። ይህን አንድነት ከሰበካ ጉባኤ በተሻለ ሊያስተባብር የሚችል በአጥቢያው ውስጥ የለም።

አምላካችን የእናቶቻችንን ጓዳ ይባርክ፤ የሥራችንንም ፍሬ ያሳየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።