ቂያስ፦ ከግሪኮች መንጢቅ እስከ ቤታችን ክስ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

በሀገራችን ከነሕውና ከሶርፍ አልፈው መንጢቅ የቀሩ ደረሶች «ሙቀዲማ» እና «ነቲጃ» የሚሉትን ቃላት ያውቋቸዋል። ኮሌጅ የገባን ደግሞ ሎጂክ ተብሎ ተምረነዋል። ነገሩ አንድ ነው። ሥርዓት አስይዞ በመጽሐፍ ያሰፈረው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ384 እስከ 322 የኖረው ግሪካዊው አሪስጣጣሊስ (አርስቶትል) ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው፦ ሰው ሁሉ ሟች ነው፤ ሶቅራጥስ ሰው ነው፤ እንግዲያው ሶቅራጥስ ሟች ነው። ሁለቱን መነሻዎች ተቀብሎ መደምደሚያውን እምቢ ማለት አይቻልም። ታዲያ አካሄዱ ስላማረ ብቻ ነገሩ እውነት አይሆንም። «ወፍ ሁሉ ይበራል፤ ሰጎን ወፍ ናት፤ ስለዚህ ሰጎን ትበራለች» ብንል አካሄዱ እንከን የለበትም፤ ሰጎን ግን አትበርም። ጥፋቱ ያለው «ሁሉ» በምትለው ቃል ላይ ነው። (በፊቅህ ቂያስ የምንለው ሌላ ነው፤ አንዱን ጉዳይ በጋራ ምክንያት ከሌላው ጋር ማገናኘት ነው። ስሙ አንድ በመሆኑ ብዙ ተማሪ ይምታታበታል።)

ከእርሱ በኋላ የተነሱት ስቶይኮች ደግሞ «ከሆነ» በሚለው ቃል ላይ ብዙ ደክመዋል። ቀን ከሆነ ብርሃን አለ፤ ቀን ነው፤ ስለዚህ ብርሃን አለ። ትክክል ነው። ገልብጠን «ብርሃን አለ፤ ስለዚህ ቀን ነው» ብንልስ? ማታ ፋኖስ በርቶ ይሆናል።

ይህን ግልበጣ በየቤታችን እንሠራዋለን። ገንዘብ ጠፋ እንበል። የቤት ሠራተኛዋ ስትጠየቅ ፊቷ ተለዋወጠ፣ ምላሷ ተሳሰረ። «የሰረቀ ይደነግጣል፤ ደንግጣለች፤ ስለዚህ ሰርቃለች» ይባልና ደመወዟ ተይዞ በምሽት ትባረራለች፤ ስሟም በሰፈሩ ይጠፋል። ከገጠር የመጣች፣ በከተማው ዘመድ የሌላት ልጅ ግን ሌባ ስትባል ሳትሰርቅም ትደነግጣለች። ፋኖሱ ይኸው ነው። በሱረቱል ሑጁራት ከብዙ ጥርጣሬ እንድንርቅ መታዘዛችንን ሁላችንም እናውቃለን፤ ጥርጣሬው «ስለዚህ» የሚል ልብስ ለብሶ ሲመጣ ግን አናውቀውም።

ዑለሞቻችን በመንጢቅ ላይ አንድ ቃል አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፉት ኢማሙል ገዛሊ በኡሱሉል ፊቅህ መጽሐፋቸው በ«አል-ሙስተስፋ» መግቢያ መንጢቅን አስቀድመው፣ እርሱን ያላወቀ ሰው ዕውቀቱ አያስተማምንም እስከ ማለት ደርሰዋል። በ1328 ያረፉት ኢብኑ ተይሚያህ ደግሞ በመንጢቀኞች ላይ ሰፊ የረድ መጽሐፍ ጽፈዋል። ካነሷቸው ነጥቦች አንዱ «ሁሉ» የሚለው መነሻ አንድ አንዱን ነገር በማየት የሚገኝ መሆኑ ነው። እኛ ከሁለቱም ወስደናል፤ በገዛሊ ሚዛን አካሄዱን፣ በኢብኑ ተይሚያህ ጥያቄ ደግሞ መነሻውን እንመረምራለን። «እንዲህ ያሉ ልጆች ሁሉ ይሰርቃሉ» የምትል ጎረቤት ስትመጣ፣ ስንቶቹን አይተሽ ነው? ማለት ይቻላል።