የበጋ ጥናት ለክረምት ሜዳ አይበቃም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ቀን ስለ ፎገራ ሜዳ ጥቂት እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ደስታዬ ከፍ ያለ ነው። የምናገረውም በዚህ ሜዳ ላይ ትልቅ ሥራ በታሰበ ጊዜ፥ ሥራው በውሃው፥ በመሬቱና በመንገዱ ላይ የሚያመጣው ነገር እንዴት መመርመር እንደሚገባው ነው።

በሌላው ዓለም ለጎልፍ ጨዋታ የሚሆን ሜዳ እንኳ ሲታሰብ፥ ሣሩ ስንት ውሃ እንደሚፈጅ፥ የሚረጭበት መድኃኒት ወዴት እንደሚወርድ፥ የተጫዋቾቹ መኪና መንገዱን ምን ያህል እንደሚያጨናንቅ አስቀድሞ ይጠናል፤ ነዋሪውም ተጠርቶ አሳቡን ይሰጣል። ባለ 18 ጉድጓዱ የጎልፍ ሜዳ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 60 ሄክታር ይይዛል፤ በእኛ አቆጣጠር ከ200 እስከ 240 ጥማድ መሆኑ ነው። ሩዝ የሚበቅልበትን ይህን ያህል መሬት ለኳስ መምቻ ማን ይሰጣል ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። ወደ እኛ የመጣው ግን ጎልፍ ሳይሆን ከዚያ የሚከብድ ነገር ነው፤ ይኸውም በ2010ዎቹ ዓመታት የተሠራው የወረታ ደረቅ ወደብ ነው።

ደረቅ ወደብ ማለት ባሕር የሌለው ወደብ ነው። ከጅቡቲ የተጫነው ኮንቴይነር በዚያ ይራገፋል፤ የጉምሩክ ሥራው ካለቀ በኋላ ዕቃው ወደየከተማው ይከፋፈላል። ወረታ የተመረጠችበት ምክንያት ግልጽ ነው። የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ፥ ቻይናዎች በ1960ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ጀምረው በ1970ዎቹ ከፈጸሙት ከወልድያው መንገድ ጋራ የሚገናኘው በእርሷ ላይ ነው። እኔ በበኩሌ ወደቡን የምቃወም አይደለሁም፤ ነጋዴው ዕቃውን ለማምጣት ሞጆ ድረስ መውረዱ ቢቀርለት ጥቅሙ ለሁላችን ነው። ነገር ግን ወደብ ብቻውን አይመጣም። መጋዘኑ፥ ነዳጅ ማደያው፥ ጋራዡና ሆቴሉ ይከተሉታል፤ ሁሉም መሬቱን በድንጋይና በገረጋንቲ ከፍ አድርጎ መሥራት ይፈልጋል።

እንግዲህ ሜዳችን ምን ዓይነት ሜዳ ነው? ከጣና ሐይቅ በጥቂቱ ብቻ ከፍ ያለ፥ ርብና ጉማራ ከጉና ይዘውት የሚመጡትን ውሃ የሚለቁበት ሜዳ ነው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. በፎገራና በሊቦ ከምከም ላይ የደረሰውን የውሃ መጥለቅለቅ ወላጆቻችን በዓይናቸው ስላዩት ልነግራቸው አይገባኝም። አፈሩም በበጋ የሚሰነጠቅ፥ በክረምት የሚያብጥ ዋልካ ነው።

እስቲ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። በአንድ ሄክታር ላይ 50 ሚሊሜትር ዝናብ ቢዘንብ 500 ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል፤ ይህም 200 ሊትር በሚይዘው በርሜል ሲለካ 2,500 በርሜል ነው። በነሐሴ ዋልካውም ጠግቦ ስለሚውል ብዙ አይመጥም የሚል ሰው ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ሆኖም የሩዝ ማሳ ባለ ድንበር ስለሆነ ውሃውን ይዞ ያቆየዋል፤ ሲሚንቶ የለበሰው ግቢ ግን በአንድ ጊዜ ወደ ጎረቤት ያፈሰዋል። ከፍ ተደርጎ የተሠራ መንገድም ቱቦው ካነሰ መንገድ መሆኑ ቀርቶ ግድብ ይሆናል። ጎርፉ በየትኛው ወገን እንደሚተኛ የሚያውቀው ከማዶ ያለው ባለ ማሳ ነው።

ደግሞስ ገረጋንቲውና አሸዋው ከየት ይመጣል? ከወንዝ ከሆነ ሌላ ነገር ይከተላል። ሳይንቲስቶች ላቤዎባርበስ ከሚሏቸው፥ ከዓለም በጣና ብቻ ከሚገኙት ዓሦች ብዙዎቹ በክረምት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወጥተው እንቁላላቸውን በጠጠር ላይ ይጥላሉ። ጠጠሩ ከተዛቀ ዓሣ አጥማጁ መረቡን በከንቱ ይዘረጋል። ዩኔስኮም ጣናንና ዙሪያውን በ2007 ዓ.ም. በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ጽፎታል።

ወደ መንገዱ ልመለስ። ትራፊክ የሚቆጥር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚቆጥረው መኪና ነው። በእኛ መንገድ ግን በእግሩ የሚሄደው፥ አህያ የሚነዳው፥ ከብት የሚያሻግረው፥ ጋሪውና ባጃጁ ከመኪናው ይበዛል፤ በገበያ ቀንማ አይጠየቅም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ተሳቢ ያለው መኪና በ6 ሴኮንድ 100 ሜትር ይሄዳል። አንድ ልጅ 7 ሜትር የሆነውን አስፋልት ለማቋረጥ ደግሞ ያንኑ 6 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። እንግዲህ ልጁ ከመሻገሩ በፊት ከ100 ሜትር ይልቅ አርቆ ማየት አለበት፤ ሩዝ የተጫነ ጋሪ ወይም የቆመ መኪና ከከለለው ግን እንዴት ያያል? ላምስ ከልጅ ይልቅ ቀስ ትላለች። ጭነቱም አስፋልቱን ይበላዋል። በ1958 እና በ1960 እ.ኤ.አ. መካከል በአሜሪካ፥ በኢሊኖይ በተደረገው የመንገድ ሙከራ እንደ ታየው፥ በአንድ አክስል ላይ የሚያርፈው ክብደት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል።

ሕግ የለም እንዳይባል፥ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ጥናቱ ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆንና የሕዝብም አስተያየት እንዲጠየቅ ያዝዛል። ይሁን እንጂ አጥኚው በጥር ወር፥ ገበያ በሌለበት ቀን ቢመጣ፥ የሚያየው ጓያና የሩዝ ቃርሚያ፥ የሚቆጥረውም ጥቂት መኪና ነው። የጻፈው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን የግማሽ ዓመት እውነት ነው። ስለዚህ በሜዳችን ላይ የሚታሰበው ማናቸውም ሥራ ከመፈቀዱ በፊት አንድ ክረምት ሙሉ ቢጠና፥ ከቁሐር ሚካኤል ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይም በገበያ ቀን ሰውና ከብት ጭምር ቢቆጠር የሚሻል ይመስለኛል።

ይህንን ለመጀመር ገንዘብ አያስፈልገንም። እናቶችና አባቶች በ1998 ዓ.ም. ውሃው የደረሰበትን ቦታ፥ የቤት ምሰሶም ይሁን ዛፍ፥ ቢያሳዩን እኛ በቀለም ምልክት እናደርግበታለን። በጥቅምት አንድ የገበያ ቀን፥ በነሐሴም አንድ የገበያ ቀን፥ ከጧቱ እስከ ማታ በየተራ ቆመን መንገደኛውን፥ ከብቱንና መኪናውን በየዓይነቱ እንቆጥራለን። የሒሳብ መምህራችን ሠንጠረዡን እንዲያርሙልን፥ ደብተሩም በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ፥ ግልባጩም ለቀበሌው እንዲሰጥ እለምናለሁ። ለጥቅምቱ ቆጠራ ስማችሁን ለማስመዝገብ የምትፈልጉ ተማሪዎች ከበዓሉ በኋላ እዚሁ መድረክ አጠገብ ታገኙኛላችሁ።