አሮጌ ኮምፒዩተርን ከመጣል ስለ ማዳን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የንግግሬ አርእስት ትንሽ ሊመስል ይችላል። ዕድሜው የገፋ ኮምፒዩተር፣ ይልቁንም ሥዕልና ጽሑፍን በስክሪን ላይ የሚያወጣው ክፍሉ፣ ማለት ግራፊክስ ካርዱ ያረጀበት፣ ሊጣል ይገባዋልን? ወይስ ጀማሪ ተማሪ ሊያስነሣው ይችላል? በበኩሌ ይችላል እላለሁ። ነገር ግን ይህ የሚሆነው ስለ ዕቃው ያለው ዕውቀት ለሁሉ የተገለጠ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

ጥያቄው ለእኛ ለደገኞቹ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። በመሐል ሜዳም ሆነ በራቤል፣ በዓለም ከተማም ሆነ በሞላሌ፣ አዲስ ኮምፒዩተር መግዛት የእርሻ በሬ ከመግዛት ጋር የሚወዳደር ወጪ ነው። በዚህ ላይ ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙዎቹን የቆዩ ኮምፒዩተሮች አይቀበልም። ስለዚህ ምንም ያልተሰበረ ዕቃ «ጊዜው አልፎበታል» ተብሎ ወደ መጋዘን ይገባል፤ ተማሪውም ባዶ ጠረጴዛ ፊት ይቀመጣል።

ችግሩ ከምን እንደሚመጣ ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የኮምፒዩተሩን ሥራ ሁሉ የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይባላል። ይህ አስተዳዳሪ «ይህን ፊደል በዚህ ቦታ አሳይ» ብሎ ሲያዝ፣ ግራፊክስ ካርዱ የሚሰማው የራሱን ቋንቋ ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ቆሞ የሚያስተረጉመው ፕሮግራም ድራይቨር ይባላል። እንግዲህ ካርዱ በሕይወት ሳለ አስተርጓሚው ከጠፋ፣ ካርዱም እንደ ሞተ ይቆጠራል። የብዙ አሮጌ ካርድ ታሪክ ይኸው ነው።

ለምሳሌ ያህል ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያ ጂፎርስ 8 እና ጂፎርስ 9 ለተባሉት ካርዶቹ ይሠራ የነበረው 340 የተባለው ድራይቨር፣ በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድጋፉ አብቅቷል። ዋናው የድራይቨሩ ክፍል ለሕዝብ ያልተገለጠ በመሆኑ፣ ሌላ ባለሙያ ተነሥቶ ሙሉ በሙሉ ሊያድሰው አይችልም። ነገር ግን ከ2006 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ ጥቂት በጎ ፈቃደኞች፣ የተዘጋው ድራይቨር ለካርዱ የሚያስተላልፈውን ትእዛዝ እየተከታተሉ ቋንቋውን ፈቱት። የሠሩትንም ድራይቨር ኑቮ አሉት፤ በፈረንሳይኛ «አዲስ» ማለት ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ከሊኑክስ ጋር ተቀላቀለ። ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ዛሬ ዋና ባለውለታነቱ ለአሮጌዎቹ ነው።

ኤኤምዲ የተባለው ኩባንያ ደግሞ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሬዲዮን ካርዶቹን ሰነድ ለሕዝብ ይገልጥ ጀመር። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው ሬዲዮን 9700 እንኳ እስከ ዛሬ ክፍት የሆነ ድራይቨር አለው።

ሊኑክስ ራሱ በ1991 እ.ኤ.አ. የ21 ዓመት ወጣት በነበረው በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሊኑስ ቶርቫልድስ የተጀመረ ነው። ኮዱን ማንም ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላ ሊያካፍለው ይችላል። ብዙዎቹ ክፍት ድራይቨሮችም ከእርሱ ጋር አብረው ይመጣሉ። ኔትወርክ ደካማ በሆነበት አገር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ለእያንዳንዱ ካርድ የተለየ ፕሮግራም ፍለጋ መንከራተት አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግምና።

አሁን ጀማሪ ተማሪ ምን ያድርግ? በመጀመሪያ ሊኑክስን በፍላሽ ላይ አዘጋጅቶ፣ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን ሳይነካ ከፍላሹ አስነሥቶ ይሞክረው። በሁለተኛ ደረጃ የካርዱን ስም ይወቅ። «ኤል ኤስ ፒ ሲ አይ» የተባለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል ቢጽፍ የካርዱ ሠሪና ዓይነት ይወጣለታል። ሐኪም የበሽተኛውን ስምና ዕድሜ ሳይጠይቅ መድኃኒት እንደማያዝ ሁሉ፣ የካርዱን ስም ሳያውቁ ድራይቨር መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ቢቀር፣ ጀማሪ የሚደነግጠው በዚህ ጊዜ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ኮምፒዩተሩ እየሠራ ነው፤ የጠፋው ሥዕሉ ብቻ ነው። መፍትሔውም ኮምፒዩተሩ ሲነሣ በሚመጣው ዝርዝር ላይ «ኢ» የተባለችውን የእንግሊዝኛ ፊደል ተጭኖ፣ «ሊኑክስ» በሚል ቃል በሚጀምረው መስመር መጨረሻ «ኖሞድሴት» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል መጨመር፣ ከዚያም ኤፍ 10ን መጫን ነው። ይህ ቃል ሊኑክስ የካርዱን ድራይቨር ለጊዜው ትቶ በቀላሉ መንገድ ሥዕል እንዲያወጣ ያዘዋል። ይሁን እንጂ ምርኩዝ ነው እንጂ እግር አይደለም። ኮምፒዩተሩ እንደ ገና ሲነሣ ትእዛዙ ይጠፋል፤ ተማሪው በዚህ ጊዜ ውስጥ ትክክለኛውን ድራይቨር መፈለግ አለበት።

ከዚህ በኋላ አንዱን ነገር ለውጦ ውጤቱን ያያል፤ በማስታወሻው ይጽፋል፤ ከዚያም ሌላውን ይለውጣል። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንደ ረዳው፣ የትኛውም እንደ ጎዳው ሊያውቅ አይችልም። ከአቅሙ በላይ ሲሆንበትም የካርዱን ስም፣ የሊኑክሱን ዓይነትና የወጣውን የስሕተት ቃል በትክክል ጽፎ ዐዋቂን ይጠይቅ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላልና መጠየቅ አያሳፍርም።

እዚህ ላይ ተስፋውን ከልክ በላይ ማሳበጥ አልወድም። ኑቮ ብዙ ካርዶችን በሙሉ ፍጥነታቸው አያስኬድም፤ አዳዲስ ጨዋታዎችም በእነርሱ ላይ አይታሰቡም። ክፍት ፕሮግራምም ቢሆን ሁሉን ለዘለዓለም አይሸከምም። ለምሳሌ በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው ደቢያን 13 የቀድሞዎቹን ባለ 32 ቢት ኮምፒዩተሮች የሚጭን ፕሮግራም አላዘጋጀም። ስለዚህ ባለ 64 ቢት መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ፣ እንደ ኤክስኤፍሲኢ ያለውንም ቀላል የገጽ አቀራረብ መምረጥ ያሻል። ነገር ግን ድርሰት ለመጻፍ፣ ሒሳብ ለመሥራት፣ ፕሮግራም ለመማር፣ መጽሐፍ ለማንበብ እንዲህ ያለው ኮምፒዩተር ይበቃል። ፊደላችንም ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ የገባ ስለ ሆነ፣ አማርኛ በሊኑክስ ላይ ያለ ችግር ይጻፋል።

ክቡራትና ክቡራን፤

«የሁሉ የሆነ ነገር ባለቤት የለውምና ይጠፋል» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ለዚህ መልሱ ሩቅ አይደለም፤ ጓሳ ነው። የመንዝ አባቶች የጓሳን ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ በጋራ ይጠቀሙበት ነበር። ጠባቂ ሾመው፣ ለዓመታት ዘግተው፣ በወሰኑትም ቀን ከፍተው ያጭዱት ነበር። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ የቀድሞው ሥርዓት ቢፈርስም፣ ሕዝቡ እንደ ገና ደንብና ጠባቂ አቁሞ ቦታውን እስከ ዛሬ ጠብቆታል። ክፍት ፕሮግራምም እንዲሁ ነው። የጋራ ነው፤ ነገር ግን ደንብ አለው፤ የሚደክሙለትም ሰዎች አሉት። ደካሚው ሲጠፋ ድራይቨሩም ይጠፋል።

ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ማናቸውም ኮምፒዩተር ከመጣሉ በፊት በሊኑክስ ይሞከር። ለዚህም አንድ መዝገብ ይከፈት፤ የካርዱ ስም፣ የተሞከረው ነገርና የተገኘው ውጤት በአማርኛ ይጻፍበት። እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎች ስንሄድ መዝገቡ ይቀራል፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣው የ9ኛ ክፍል ተማሪም ከባዶ አይነሣም። መክሊቱን በመሬት የቀበረው አገልጋይ የተወቀሰው ስለ ሰረቀ ሳይሆን ስላልሠራበት ነው። አንድ ካርድ አስነሥቶ እንዴት እንዳስነሣው ለሌላ የማይናገር ሰውም መክሊቱን ቀብሯል።

እናቶቻችን የፈተሉት ባና አንድ ቦታ ቢቀደድ ይጠቀማል እንጂ አይጣልም። ለኮምፒዩተሩም ይህንኑ ፍርድ እንስጠው።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንንና አገራችንን ይባርክ።